ካዘነበለበት ግባ

ወንድሜ አብዱልሐሚድ እጁ አያርፍም። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ደንበኛ ተሠርቶ ያለቀ ሬዲዮውን ሊወስድ ሲመጣ እንደገና ሆዱ ተከፍቶ ያገኘዋል። አልቋል እኮ፣ አንድ ነገር ልይ ብዬ ነው ይላል፤ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። እናታችን ስትሞት እሱ የስምንት ዓመት ልጅ፣ እኔ የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። አሳደግኩት ብዬ መመጻደቅ አልወድም፤ ግን አሳደግኩት።

እኔ ጣይባ ባሽር ነኝ። እዚያው ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባሌ ልጅ ሳንወልድ በወጣትነቱ ስለሞተብኝ ከወንድሜ ጋር በአባታችን ግቢ ነው የኖርኩት። ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ እወቁልኝ፤ ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ባል የሌላት ነጋዴ ሴት ገበያው አንድ ቀን ከሳቀባት አለቀላት፤ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ለክታ ስትሰጥ እንኳ ቆይ እስቲ ደግመሽ ለኪው ይሏታል። ስለዚህ ያኔ ፊቴን የማልፈታ፣ ቀልድ የማልወድ ሴት ነበርኩ። ገበያተኛው ይፈራኝ ነበር፤ እኔም መፈራቴን እወደው ነበር።

ጊዜው 1978 ነው። ከድርቁ በኋላ የእርዳታ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች ኮምቦልቻ ሲያርፉና ሲነሱ ይውሉ ነበር። ከእነሱ ጋር የመጣ አንድ ፈረንጅ ሜካኒክ ቴፑ ተበላሽቶበት ሀሚድ ሠራለት። ፈረንጁ ደስ ቢለው ምን ይዞለት ቢመጣ ጥሩ ነው? አውሮፕላን። ከነክንፉ ሁለት ክንድ የማይሞላ፣ እንቁላል የምታህል ሞተር ያለችው፣ እውነተኛ የምትበር አውሮፕላን። ከእሷ ጋር ረጅም አንቴና ያለው ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ ሁለት እንጨቶች አሉ፤ በአውራ ጣት ወደ ቀኝ ሲገፏቸው አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲገፏቸው ወደ ግራ ትሄዳለች። እኔ ማዘዣ ሳጥን እለው ነበር።

ፈረንጁ እሁድ ኮምቦልቻ ና፣ አስተምርሃለሁ ብሎት ነበር። ሀሚድ እሁድ ወርዶ ሲጠብቅ ዋለ። ለካ ሰውዬው ዓርብ ዕለት ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። ለወንድሜ የተረፈው አውሮፕላኗ ከነሳጥኗ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ነዳጅና በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ባለ ሥዕል ደብተር ነው።

እኔ ዕቃውን ሳየው ደሜ ፈላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄ ነው። ዘመኑን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው ሬዲዮ እንኳ የሚሰማው ድምፅ ቀንሶ ነበር። በሰሜን በኩል ጦርነት አለ፣ ከተማው በጆሮ ጠቢ ተሞልቷል። አንቴና ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማን ያጣራለታል? ይህን ሁሉ ነገርኩት። እሱ ግን እታለም፣ መጫወቻ እኮ ነው ብሎ ክንፏን ይጠርጋል።

ጥር ላይ ማሽላው ሲታጨድ ሀሚድ ቆላ ሐርቡ ወረደ። የአባታችን ዘመድ እንድሪስ እዚያ ሰፊ ማሳ አለው። ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስቱንም ጊዜ አውሮፕላኗን ሰባብሮ በጆንያ ይዟት መጣ። የደረቀ የቃጫ ግንድ እየጠረበ ይጠግናታል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይሰብራታል። ምን ሆና ነው የምትወድቀው ብዬ ብጠይቀው፣ ስትሄድ ደህና ናት፣ ስትመለስ ነው ችግሩ አለኝ። መሄድ ታውቃለች፣ መመለስ አታውቅም ማለት ነው። ጅዳ ሄዶ እንደቀረው አጎታችን ነቻ አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ለካ ከማሳው ዳር ሰው አይቶታል። በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቀለሙ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አስከትሎ ሀሚድ ሱቅ መጣ። ቀለሙን ድሮ አውቀዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ገበርና ክር ከእኔ ነበር የሚወስድ። ክፉ ሰው አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከክፉም ይብሳል። ማዘዣ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደ፣ ወንድሜንም ወሰደ። ሁለት ቀን ቀበሌ አደረ። ምግብ ሳደርስለት ፊቱን አላሳዩኝም፤ ባዶውን ሳህን ብቻ ነው የሚመልሱልኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ሁለታችንንም ቢሮው አስገባን። ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ።

"ከጠላት ጋር ተገናኝቶበታል ተብሎ ተጽፏል። አንተ መጫወቻ ነው ትላለህ። እሺ፣ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከአውራጃው ጓዶች ፊት አብርረህ ታሳያለህ። ከበረረና ከተመለሰ መጫወቻ ነው ብዬ እፈርማለሁ። ካልሆነ ግን ነገሩ ከእጄ ይወጣል።"

ከእጄ ይወጣል ማለት ምን እንደሆነ ሰፈራችን ያውቀዋል። የጎረቤታችን የዘሀራ ልጅ ሀምዱም ከሁለት ዓመት በፊት ከእጅ ወጥቶ ነበር። ዘሀራ እስከዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ቤት ስንደርስ ሀሚድ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና እታለም፣ አንድ ጊዜም መልሼያት አላውቅም አለኝ። ነገሩን ያን ቀን ነው በደንብ ያስረዳኝ። አውሮፕላኗ ጀርባዋን ሰጥታው ስትሄድ የእሷ ቀኝ የእሱ ቀኝ ነው፤ ችግር የለም። ዞራ ፊት ለፊት ስትመጣ ግን የእሷ ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል። ጭንቅላቴ ያውቀዋል፣ እጄ ግን አያውቀውም አለ። እጁ እስኪያስብ እሷ መሬት ናት። አጠገቡ ቆሞ አሁን እንዲህ አድርግ የሚለው አስተማሪ የለው፤ ልለማመድ እንዳይል ማዘዣው ቀበሌ ተቆልፎበታል።

በማግስቱ ኪስ የምትገባ የሳሙና ሳጥን ላይ ሁለት ምስማር ተክሎ መጣ። ያ ማዘዣ መሆኑ ነው። አውሮፕላንስ? አውሮፕላን የምትሆነው እኔ ነኝ። እጆቼን ዘርግቼ ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ እንድሄድ፣ ዞሬ ወደ እሱ እንድመጣ፣ እየመጣሁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እንዳዘነብል ለመነኝ። እሱ ምስማሩን በትክክል ከገፋ እቃናለሁ፤ ከተሳሳተ እወድቃለሁ።

እብድ ነህ አልኩት። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሐዘን ቤት ስገባ ሰው ተነስቶ የሚያስቀምጠኝ ሴት ነኝ። እሱ ምስማሮቹን ብቻ ወዲያ ወዲህ ይገፋል። አሳዘነኝ። እሺ፣ ግን በሩ ይዘጋል፣ አንተም ትምላለህ አልኩት፤ ለማንም፣ ወደፊት ለምታገባት ሚስትህ እንኳ አትናገርም። ወላሂ አልናገርም ብሎ ማለልኝ።

ሀሚድ ደግሞ ከማለ ማለ ነው። ልጅ ሆኖ ከእንግዲህ አልደባደብም ብሎ ከማለልኝ በሳምንቱ ግንባሩን ተፈንክቶ መጣ። አንተስ ምን አደረግክ ስለው፣ ምዬልሽ የለም እንዴ አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ሰግደን፣ ገበያ እስክንወጣ ድረስ ግቢውን ዘግተን ተያያዝነው። እጄን ዘርግቼ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አዘነብላለሁ፤ ሲሳሳት ወደቅሁ እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን የወደቅሁትን ቁጥር አላህ ይወቀው። ሁለተኛውም ቀን ያው ነው። አንዴ የሞተሩንም ድምፅ አሰሚኝ ብሎ ጠየቀኝ። ያንን ስሞት አላደርገውም አልኩት።

በአራተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ጣለኝ። ተናደድኩ። ድካሙ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው ያናደደኝ፤ ወደ እሱ በመጣሁና እሱ በተሳሳተ ቁጥር የዘሀራ በር ይታየኝ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው አባታችን ትዝ ያለኝ።

አባታችን ባሽር ከሐርቡ እህል በበቅሎ እየጫነ ደሴ ያወጣ ነበር፤ ከደሴም ጨውና ጨርቅ ይዞ ይወርዳል። እኔ አሥር ዓመት እስኪሞላኝ አብሬው እሄድ ነበር፣ ሀሚድ ግን ያንን ዘመን አልደረሰበትም። ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ፣ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዙሮ፣ ጭነቷን እያየ የኋሊት ይወርዳል። ጭነቱ ሲያዘነብል አዲስ ሠራተኛ ሁልጊዜ ግራ ይጋባል፤ ቀኟ ነው ግራዋ ነው እያለ ሲያስብ ጭነቱ ገደል ይገባል። አባባ ያኔ ይጮህበታል፦ ቀኝና ግራዋን ተወው፣ ካዘነበለበት ግባ!

ይህንኑ ለሀሚድ ነገርኩት። ስሄድ እንደለመድከው ንዳኝ፤ ወደ አንተ ስመጣ ግን ቀኝና ግራ የሚባል ነገር እርሳው። ዝቅ ያለውን እጄን ብቻ እይ፣ ምስማሩን ወደዚያው ግፋው፣ ትከሻህን ከጭነቱ ሥር እንደምትሰጥ ሁሉ። ሀሚድ ምስማሩን አየ፣ እኔን አየ። ተነሺ አለኝ። ተነሳሁ። ያን ጠዋት ሁለት ጊዜ ብቻ ወደቅሁ። በሰባተኛው ቀን አልወደቅሁም።

አውሮፕላኗን ሀሚድ ማታ ማታ ጠግኗታል፤ ክንፏን የለበሰችው ከሱቄ በቀደድኩት ነጭ ናይለን ነው። በቀጠሮው ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አውሮፕላኗን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። ሀሚድ አጠገቤ የሳሙናውን ሳጥን ይዞ ምስማሮቹን ይገፋል። እኔ በሆዴ ያ ረቢ ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ያለው መስክ ላይ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር፣ ሰላይ ሲጋለጥ እንዲያይ ይሆናል፣ በጭነት መኪና ተጭኖ እንዲመጣ ታዟል። ከሁሉ ፊት የቆመችው የኔነሽ ናት። የኔነሽ ከሱቄ ቀጥሎ ጥጥ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጠዋት የሰማችውን ገበያው ሳይበተን ደሴ ሁሉ እንዲሰማው የምታደርግ። ቀለሙ ላብ አጥምቆታል። ከአውራጃው የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዝም ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ አጠር ያለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ወንድሜን አይዞህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ እሱን ነው ከሁሉ የፈራሁት።

ቀለሙ ማዘዣ ሳጥኑን ከጨርቁ ፈትቶ ሰጠው። ሀሚድ የፊቷን መዘውር በጣቱ መታ። አልተነሳችም። ደገመ። አሁንም ዝም። ከሴቶቹ መሀል አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ሞተሯ ጮኸች። ሀሚድ በአንድ እጁ ወረወራት።

ወጣች። ወደ ወንዙ በኩል እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች፤ ይህን አውቃለሁ፣ መሄድማ ትችልበታለች። ከዚያ ዞረች። ፊቷን ወደ እኛ አዞረችና መጣች፤ ወዲያው በግራዬ በኩል ያለው ክንፏ ዝቅ አለ። የእኔ ግራ ትከሻ ሳላዘው አብሮ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ሀሚድ አውራ ጣቱን ወደ ግራ ገፋ። ካዘነበለበት ገባ። ክንፏ ቀና አለ፣ አውሮፕላኗ በራሳችን ላይ አለፈች፣ ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። እንደገና ሄደች፣ እንደገና መለሳት። በአራተኛው ዙር ነዳጁ አለቀና ድምፁ ቀጥ አለ። እሷ ግን በዝምታ እየተንሳፈፈች መጣችና ሣሩ ላይ በሆዷ ተንሸራታ ቆመች። አንድ ቦታ እንኳ አልተሰበረች።

አልሀምዱሊላህ ብዬ ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ቀለሙ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ እስክሪብቶም ለመነ። እኔ አበቃ ብዬ ነበር።

አጭሩ ሰው ግን ቆይ አለው። ወደ ሀሚድ ተጠጋና በዚያው ለስላሳ አነጋገሩ፣ ጎበዝ ነህ፣ ማን አስተማረህ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው መዝገቡን ገለጠ።

"ጥር ላይ ሦስት ጊዜ ሞክረህ ሦስቴም እንደወደቀብህ በሰጠኸው ቃል ላይ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ቀበሌ ተቆልፎበታል። ዛሬ ግን አራት ጊዜ መለስከው። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ያስተማረህ ሰው አለ፣ የተለማመድክበትም ሌላ መሣሪያ አለ። ሰውዬው ማን ነው? መሣሪያውስ የት ነው?"

ሀሚድ መሬት መሬቱን ያያል። ማንም አላስተማረኝም ቢል ውሸት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ውሸት አይሆንለትም። እውነቱን እንዳይናገር ምሏል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ ያን ቀን ግን ዝምታው እያየሁት ነቀዘ። ቀለሙ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ በግራና በቀኙ ቆሙ። ሀሚድ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ ዞር አላለም፤ ወደ እኔ ቢያይ ያስተማረችው ማን እንደሆነች ይታወቃላ።

ያኔ ነው የገባኝ። ወንድሜን የያዘው መንግሥት አይደለም። እኔ ነኝ፤ የእኔ መሐላ፣ የእኔ ይሉኝታ። የኔነሽ አንገቷን አስግጋ ቆማለች። ሰኞ ገበያ ሁሉ እዚያ ቆሟል ብትሉኝ አልተሳሳታችሁም። ወደ ሴቶቹ መሀል ልገባ ቃጣኝ፣ ወላሂ። ካዘነበለበት ግባ የሚለው የአባቴ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ያዘነበለው ደግሞ በየት በኩል እንደሆነ እያየሁ ነው።

"እኔ ነኝ ያስተማርኩት" አልኩ።

አጭሩ ሰው ፈገግ አለ። እርስዎ አለኝ፣ ከራስ እስከ እግሬ እያየ። እኔ ወደ ሀሚድ ዞሬ፣ መሐላህን ፈትቼልሃለሁ፣ የሳሙናውን ሳጥን አውጣ አልኩት። ከኪሱ አወጣው። ሁለቱ ምስማሮች ተተክለውበታል፤ አጭሩ ሰው አገላብጦ አየው፣ ምንም ነገር እንደሌለው ሲያይ መለሰለት። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ራቅ ብዬ ሄድኩና ዞርኩ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ወንድሜ ሮጥኩ። ወደ ግራ አዘነበልኩ፣ እሱ ምስማሩን ገፋ፣ ቀና አልኩ። ወደ ቀኝ አዘነበልኩ፣ ገፋ፣ ቀና አልኩ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ይህ ከሳቅ የባሰ ነበር። አጭሩ ሰው ፊቱ አልተፈታም፤ አላመነኝም። ስለዚህ ዞሬ እንደገና ሄድኩና ስመለስ ያንን ስሞት አላደርገውም ያልኩትን አደረግኩት፤ የሞተሩን ድምፅ ጨመርኩበት። አርባ አንድ ዓመቴ፣ ባዶ እግሬ፣ ከንፈሬን እያንቀጠቀጥኩ።

የኔነሽ ናት የጀመረችው። ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከዚያ ከሁለቱ ጠባቂዎች አንዱ፣ ከዚያ የሚጽፈው ሰውዬ ሳቁ። አጭሩ ሰው ትንሽ ታገለ፣ በኋላ ግን እሱም ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ አላቆምኩም። እስኪፈርሙ ድረስ እየሮጥኩ ነበር። ቀለሙ ፈረመ፤ መጫወቻ ነው አለ።

አውሮፕላኗንና ማዘዣውን የሕዝብ ንብረት ነው ብለው ወሰዱ። እስከዛሬ አልተመለሱም። ሀሚድ ከዚያ ወዲህ አብርሮ አያውቅም፤ ጭልፊት ሰማይ ላይ ሲዞር ካየ ግን አሁንም አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል።

ያን ቀን ሐረጎን ስንወጣ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ የሳሙናውን ሳጥን ያገላብጥ ነበር። በኋላ በቀስታ፣ እታለም፣ ወደ ግራ ስታዘነብዪ ትንሽ ታበዢዋለሽ አለኝ። በክርኔ ጎኑን መታሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ደሴ ከመድረሴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ከማዶ አንዱ ድምፁን ቀይሮ፣ አውሮፕላኗ መጣች አለ። ገበያው ሳቀ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ደርግ ሄዶ፣ ቀለሙ ሞቶ፣ እኔም አርጅቼ፣ ጣይባ ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቃት የለም፤ ጣይባ አውሮፕላን ካላችሁ ግን ሕፃን እንኳ ሱቄን ያሳያችኋል። ጨርቅ ስለካም ሰው አሁንም ደግመሽ ለኪው ይለኛል።

ከሱቄ ሦስተኛው በር ላይ ወንድሜ የሰው ሬዲዮ ሆዱን ከፍቶ አቀርቅሯል። አውሮፕላን ብለው ሲጠሩኝ እሱን አንዴ አየዋለሁ፤ ከዚያ አቤት እላለሁ።